ከክንፉ በፊት ሽቦው

በየጥቂት ዓመቱ አንድ ዜና ይመጣል። «አውሮፕላን የሠራው ወጣት» ይላል ርእሱ። ፎቶግራፉም ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፦ ወጣቱ ከክንፉ ሥር ቆሞ፣ እጁን በፕሮፔለሩ ላይ አሳርፎ ፈገግ ብሏል፤ ከኋላው የሠፈር ልጆች ተኮልኩለዋል። እናደንቃለን፣ እንመርቃለን፣ እንረሳለን። እኔ ግን እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር የሚናፍቀኝ ያልተነሣው ሌላ ሥዕል ነው፤ ከአብራሪው ፊት ካለው ሰሌዳ በስተጀርባ ያለው የሽቦ ጥልፍልፍ። የሠሪውን ልክ ከክንፉ ይልቅ የሚነግረኝ እርሱ ነውና።

የዚህ ዜና ስመ ጥር ባለታሪካችን አስመላሽ ዘፈሩ ነው። አብራሪ መሆን ተመኝቶ ያልተሳካለት ይህ ሰው፣ በአሮጌ የቮልስዋገን ሞተር የምትሠራ አውሮፕላን በገዛ እጁ አበጅቶ «ኬ-570ኤ» አላት። «ኬ» የእናቱ የኪሮስ ስም መነሻ ናት፤ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀው የቀን ብዛት ነው። በ2007 ዓ.ም. ያደረገው የበረራ ሙከራ አልሠመረም። ጋዜጠኞች ስለ ሕልሙና ስለ ጽናቱ ጻፉ፤ ደግ አደረጉ። ካነበብኋቸው ጽሑፎች መካከል ግን ሽቦውን በየት በኩል እንዳሳለፈው የጠየቀ አላገኘሁም። እኔ የምከራከረው ይህ ጥያቄ ከአድናቆቱ ሁሉ ይበልጥ አክብሮት አለው ብዬ ነው።

«የሽቦ ነገር ምኑ ይከብዳል?» የሚል አይጠፋም። ከደምበጫ ተነሥቶ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አልፎ እስከ ቡሬ የተጓዘ ሰው፣ በየከተማው የባጃጅ ኤሌክትሪክ የሚጠግን፣ የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር መልሶ የሚጠመጥም፣ በገጠሩም ከቤቱ ጣራ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ሰቅሎ አምፖል የሚያበራ ጎበዝ አያጣም። እጃቸው ይባረክ። ይሁን እንጂ ምድር ላይ የሚያስመሰግነው ብልኀት አየር ላይ የሚያስገድልበት ጊዜ አለ።

«ማሳ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ለጎጃም ገበሬ ማሳ ጤፉና በቆሎው የሚበቅልበት ነው፤ ለመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደግሞ፣ ከጣሊያንኛ በወረስነው ቃል፣ የባትሪው ኔጌቲቭ የሚታሰርበት የመኪናው አካል ነው። በመኪና ላይ ወደ አምፖሉ የሚሄደው አንድ ሽቦ ብቻ ነው፤ መልሱን ብረቱ ራሱ ያደርሰዋል። አካሉ ከእንጨትና ከሸራ በተሠራ ቀላል አውሮፕላን ላይ ግን እንዲህ ያለ ማሳ የለም። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ የመመለሻ ሽቦ ያሻዋል፤ መመለሻዎቹም በአንድ ቦታ ቢሰበሰቡ ይመረጣል። ያለዚያ ራዲዮው የዲናሞውን ፉጨት ያፏጫል፤ የሙቀት መለኪያውም መብራት በበራ ቁጥር ይዋሻል።

ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በመዳብ ክር መተካት የለመድን ሰዎች ነን። ፊውዝ የሚጠብቀው ራዲዮውን ወይም አምፖሉን ይመስለናል፤ በእርግጥ ግን የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው የሚሸከመው 5 አምፔር ሆኖ ፊውዙ 20 ከሆነ፣ ሁለት ሽቦዎች በተነካኩ ጊዜ የሚነደው ፊውዙ መሆኑ ይቀርና ሽቦው ራሱ ይሆናል፤ ያውም በአብራሪው ጉልበት አጠገብ። የተራ የቤት ሽቦ ልባስ ደግሞ ሲቃጠል መርዘኛ ጭስ ያወጣል። መኪና ቢሆን አቁሞ መውረድ ነበር።

በስታኞ የተበየደ መጋጠሚያም ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት ያምራል። ስታኞው ግን በክሮቹ መካከል ሠርጎ ሽቦውን ያደርቀዋል፤ ደረቁ ከለስላሳው በሚገናኝበት ቦታ የሞተሩ ንዝረት ሲያጥፈውና ሲዘረጋው ቆይቶ አንድ ቀን ይሰብረዋል። ስለዚህ በእጃቸው አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች በአብዛኛው የሚመርጡት ባለ ብዙ ክር ሽቦን፣ በልዩ መቆንጠጫም የተጨመቀ መጋጠሚያን ነው። ሽቦውን ከነዳጅ ቱቦ በላይ እንጂ በታች አያሳልፉትም፤ ሁለቱንም ጫፎቹን ይጽፉባቸዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የማግኔቶ ነገር ነው። የቮልስዋገን ሞተር በመኪናው ላይ ሳለ እሳቱን የሚያገኘው ከባትሪና ከቦቢና ነው፤ ባትሪው ከሞተ እርሱም ይሞታል። የብዙ ቀላል አውሮፕላኖች ሞተር ግን ባትሪ ሳይፈልግ፣ በራሱ መሽከርከር እሳት የሚያመነጭ ማግኔቶ አለው፤ አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲተካው ሁለት ያደርጉለታል፣ ለያንዳንዱም ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ። ታዲያ ይህ ሞተር የሚጠፋው ሽቦ በማለያየት አይደለም፤ በማገናኘት ነው። ቁልፉ ሲዘጋ የማግኔቶው እሳት በአንዲት ቀጭን ሽቦ በኩል ወደ ማሳው ይፈስሳል። ያቺ ሽቦ ብትበጠስ ቁልፉ «ጠፍቷል» ይላል፤ ሞተሩ ግን ሕያው ነው። ፕሮፔለሩን ለማጽዳት በእጁ ያዞረ ሰው ክንዱን፣ ከዚያም አልፎ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በመኪናው ቋንቋ የተበጠሰ ሽቦ የሞተ ነገር ነው፤ በማግኔቶው ቋንቋ አልሞት ያለ ነገር። (ኅብር ቃል የሚወድ አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት ቢያርፍ አይፈረድበትም።)

ይህ የድኾች ሠሪዎች ችግር ብቻ አይደለም። በነሐሴ 1990 ዓ.ም. መጨረሻ ከኒው ዮርክ ወደ ጄኔቫ ይበር የነበረው የስዊስኤር 111 አውሮፕላን ካናዳ ጠረፍ ላይ ባሕር ውስጥ ወድቆ 229 ሰዎች አልቀዋል። መርማሪዎቹ ዓመታት ፈጅተው የደረሱበት ነገር፣ እሳቱን ሳያስነሣው አይቀርም ያሉት ከጣራው በላይ ተሰውሮ የነበረ የሽቦ ብልጭታ ነው።

እንግዲህ ሽቦ ሠሪው ራሱ አይቶ «ደህና ነው» የሚለው ነገር አይደለም፤ ሌላ ዐይን ይፈልጋል። ምዕራብ ጎጃም ደግሞ የዋሸራ አገር ነው፤ ይህን ከማንም በፊት ያውቀዋል። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ጥሻ ውስጥ ተቀምጦ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ በቀጥታ ማሕሌት አይገባም። መምህሩ ፊት ይቆማል፤ ይናገራል፤ ቤት የሰበረበት፣ ምሥጢር የጎደለበት ይነገረዋል፤ ይታረማል። ጀማሪም ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይነሣል እንጂ ስምንት ቤቱን መወድስ አይሞክርም። ወጣት ፈጣሪዎቻችን ግን ጉባኤ ቃናውን የሚሰማላቸው ስላጡ በቀጥታ መወድሱን ይጀምራሉ። ጥፋቱ የእነርሱ አይመስለኝም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተ የአውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር አለ፤ ልምድ ያላቸው በጎ ፈቃደኞቹ ወደ ሠሪው ጋራዥ ሄደው፣ አካሉ ሳይሸፈን ገና አጥንቱና ጅማቱ እየታየ ሥራውን ይመረምራሉ። መንግሥትም አውሮፕላኑ ከመጀመሪያው በረራ በኋላ፣ እንደ ሞተሩ ዓይነት በአብዛኛው ለ25 ወይም ለ40 ሰዓት ከተከለለ ስፍራ እንዳይወጣ ያዛል። የእኛዋ «ፀሐይ»ም በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ የበረረችው አብራሪም መሐንዲስም የሆነው ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ስለሠራት ነው። ጣሊያን የወሰዳት «ፀሐይ» በጥር 2016 ዓ.ም. ስትመለስ ብዙ ተደስተናል፤ ያ የሚያርም ዐይን ግን አብሯት አልተመለሰም።

ፍኖተ ሰላምን አንሥቼ ሰማይዋን በዝምታ ላልፈው አልችልም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በከተማዪቱ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ሠራተኞች ለዜና ማሰራጫዎች ተናግረዋል። ለዚያ ከተማ ልጅ ከላይ የሚመጣ ድምፅ ምን ትርጉም እንዳለው ለአንባቢ መንገር አያሻኝም። ስለዚህ «እዚያ አውሮፕላን ይብረር» አልልም። ሽቦ ግን ሰማይ አይጠይቅም፤ ሜዳም ሞተርም ክንፍም አይጠይቅም። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ አንዲት ጣውላ ይበቃዋል። በየከተማው ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በሚቀጥለው ጊዜ ፈጣሪ ልጅ ሲመጣላቸው የምስክር ወረቀትና ጭብጨባ ከሚሰጡት ይህን ቢሰጡት እላለሁ፦ በጣውላዋ ላይ አንድ አምፖል፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አንድ ፊውዝ፣ የመመለሻ ሽቦውም ጭምር። ልጁ ያገናኝ፤ ጫፎቹን ይጻፍባቸው፤ መምህሩም አምፖሉ መብራቱን ከማየቱ በፊት እያንዳንዱን መጋጠሚያ ይዞ ይጎትት። አንዱ ተነቅሎ ከወጣ፣ ልጁ ጣውላውን ይዞ ይሂድና ነገ ጠዋት ይመለስ።