የመኪናችን መርኆ በማን እጅ ነው?

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ለአጎቴ ተዝካር ወደ መንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ፣ ወደ ዘመሮ ከተማ፣ በዘመዴ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ሄደን፣ ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐቱን አድርሰው፣ ሕዝቡም በልቶ ጠጥቶ ከተሰናበተ በኋላ፣ እኛም ለመመለስ በተነሣንበት ሰዓት የመኪናው ቁልፍ ከዘመዴ ኪስ ወጥቶ የት እንደ ወደቀ ሳይታወቅ ጠፋ። ዳሱ ተፈተሸ፣ ጉዝጓዙ ተገለበጠ፣ የተነጠፈው ባና ሁሉ ተራገፈ፤ ልጆችም ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን መንገድ ጎንበስ ብለው እንደ ቃርሚያ ለቀሙት፤ ቁልፉ ግን አልተገኘም። ይሁን እንጂ ዘመዴ አዲስ አበባ ሳለ አስቀድሞ ያስቀረጸው ትርፍ ቁልፍ በባለቤቱ ቦርሳ ውስጥ ነበረና ብዙም አልደነገጠም። ያም ቁልፍ በሩን ከፈተ፤ ከመሪው ሥር ገብቶም እንደ ዋናው ዞረ፤ ሞተሩ ግን አንድ ጊዜ ጉርር ብሎ ጠፋ፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ቢሞከር ያው ሆነ፤ በዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ሥዕል ያለባት ቀይ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ትል ጀመር።

የሠፈሩ ጎበዞች ከጭነት መኪና ጋር ያደጉ ናቸውና «ቁልቁለቱ ላይ ገፍተን እናስነሣዋለን» ብለው ተረባርበው ገፉት። መኪናው ወረደ እንጂ አልተነሣም፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከታጨደ የገብስ ማሳ ዳር ቆመ። በዚህ ጊዜ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመለከቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ወደ ዘመዴ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ቁልፉ በሩን ከከፈተ፣ ገብቶም ከዞረ፣ ምን ጎደለው?» ሲሉ ጠየቁ። በዚያ ሰዓት ከመካከላችን አጥርቶ የመለሰላቸው አልነበረም፤ እኔም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት ያ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣ ስላለ ነው።

አባቶቻችን በግእዝ ቁልፍን መርኆ ሲሉት ርኅወ ካለው ግሥ አውጥተው ነው፤ ፍችውም የሚከፍት ማለት ነው። በነርሱ ዘመን ቁልፍ ምሥጢሩን ሁሉ በአካሉ ተሸክሞ ይኖር ነበረ፤ ጥርሱ ልኩ ከሆነ ይከፍታል፣ ካልሆነም አይከፍትም፤ ስለዚህም አንድ ብልህ አንጥረኛ ወይም ቁልፍ ቀራጭ ሞረድ ይዞ ቢቀመጥ የጠፋውን ቁልፍ አምሳያ ሠርቶ ያወጣ ነበረ። ኤንትሬ የተባለው የጭነት መኪና ያገራችንን ዳገት ሲወጣ በኖረበት፣ ዲኤክስ ኮሮላም አዲስ አበባን በሞላበት ዘመን የመኪናም ቁልፍ ሥርዓቱ ይኸው ነበረ። ዛሬ ግን ቁልፉ ሁለት ባሕርይ ያለው ሆኗል፤ አንዱ በዓይን የሚታየው የብረት ጥርስ ሲሆን፣ ሁለተኛው በፕላስቲኩ እጀታ ውስጥ የተቀበረችው፣ ከገብስ ፍሬ እምብዛም የማትበልጠው ቺፕ ናት። ይህች ቺፕ የራስዋ ባትሪ የላትም። ቁልፉ ገብቶ ሲዞር ግን በቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመው የሽቦ ጥቅል፣ በብዙዎቹ መኪናዎች በ125 ኪሎኸርዝ ሞገድ፣ ከእንቅልፍዋ ይቀሰቅሳታል፤ እርስዋም የተሰጣትን የምሥጢር ቍጥር ትመልሳለች፤ ኮምፒውተሩም ያን ቍጥር በማኅደሩ ካሰፈረው ጋር አስተያይቶ አንድ ሆኖ ሲያገኘው ብቻ ነዳጁ ወደ ሞተሩ እንዲገባና ሞተሩ እንዲነሣ ይፈቅዳል። እንግዲህ የዘመዴ ትርፍ ቁልፍ የጎደለው ይህ ነበረ፤ ጥርሱ ተቀርጿል፣ ምሥጢሩ ግን አልተሰጠውም። ገፍቶ ማስነሣትም ያልተቻለው ስለዚሁ ነው፤ ቁልቁለቱ ሞተሩን ሊያሽከረክረው ይችላል፣ ከኮምፒውተሩ ግን ፈቃድ ሊያስገኝለት አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሲሳሳትበት ስለማይ አንድ ነገር ልጨምር። የሪሞቱ ባትሪ ሲደክም መኪናው ፈጽሞ አይነሣም ብለው የሚጨነቁ አሉ፤ ነገር ግን ባትሪው የሚያገለግለው በሩን ከሩቅ ለመክፈትና ለመዝጋት ነው እንጂ፣ ጥርስ ባለው ቁልፍ ውስጥ ያለችው ቺፕ ባትሪ አትሻም። በአዝራር በሚነሡትም መኪናዎች ቢሆን ባትሪው ያለቀበትን ቁልፍ ከማስነሻው አዝራር ጋር አስጠግቶ በመያዝ ብዙዎቹን ማስነሣት ይቻላል። ይህን ሳያውቁ ስንቶች በመንገድ ዳር አድረዋል!

ወደ ነገሬ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን ከደብረ ብርሃን የተጠራው ባለሙያ በጣርማ በር፣ በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ፣ መሐል ሜዳንም አልፎ ከኛ ዘንድ ደረሰ። ወጣት ነው፤ በጀርባው ካዘላት ቦርሳ ውስጥ ጡብ የምታህል መሣሪያ፣ ትንሽ የብየዳ ብረትና ገና ያልተቀረጹ ጥቂት ቁልፎች አወጣ። አስቀድሞ የመሣሪያውን ገመድ ከመሪው በታች ካለችው ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ ላይ ሰካና ዋናው ቁልፍ መጥፋቱን ሲረዳ ራሱን ነቀነቀ። «አንድ የሚሠራ ቁልፍ በእጃችሁ ቢኖር ኖሮ ሁለተኛውን ማስተዋወቅ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር» አለ። መኪናው የሚያውቀው ቁልፍ ለአዲሱ ይመሰክርለታልና፤ የሚመሰክር ሲጠፋ ግን ኮምፒውተሩ እንግዳውን ሁሉ እንደ ሌባ ይቆጥረዋል። በአንዳንዱ መኪና ፋብሪካው የሚሰጠውን የምሥጢር ኮድ ማስገባት ግድ ነው፤ በአንዳንዱ የቶዮታ ዓይነት መሣሪያው ተሰክቶ 16 ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ የቀድሞው መዝገብ ይሠረዝና አዳዲስ ቁልፎች ይጻፋሉ፤ በሌላው ግን ኮምፒውተሩን ፈትቶ ከማውጣት በቀር መንገድ የለም።

የኛው ከዚህ ከኋለኛው ወገን ሆነና ወጣቱ ከዳሽቦርዱ ሥር ገብቶ ሣጥኑን ፈታው፤ ነጭ ነጠላ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ አኑሮም ከፈተው። በአረንጓዴው ሰሌዳ ላይ ስምንት እግር ያላትን፣ ከትኋን የማትበልጥ ጥቁር ቺፕ በብረቱ እያሞቀ ነቀላትና በመሣሪያው ላይ አስቀመጣት፤ በመስተዋቱም ላይ የቍጥርና የፊደል ረድፎች ወረዱ። እነዚያን ረድፎች ስመለከት የብራና መጽሐፍ ከቆዳ ማኅደሩ ወጥቶ ሲዘረጋ ያየሁ መሰለኝ፤ ዘመዴ የገዛው፣ ግብር የከፈለበት፣ በየዓመቱ ቦሎ የሚያወጣበት መኪና ምሥጢር ይህ ነበረ፤ ባለቤቱም ቢሆን በዓይኑ ሲያየው ገና የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ወጣቱ ጥቂት ቍጥሮች ለውጦ ጻፈ፣ ቺፕዋንም መልሶ በየዳት፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሞተሩ ተነሣ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኒያም ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት።

እኔም የልጁን ሙያ አክብሬአለሁ፤ ምርቃቱም የሚገባው ነው። ነገር ግን ከመጣበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሄደበት ድረስ ያልጠየቀን አንድ ነገር ነበረ፤ ሊብሬ አልጠየቀም፤ መኪናው የማን እንደ ሆነ፣ እኛም ማን እንደ ሆንን አልጠየቀም። የሌላ ሰው መኪና ሰርቀን በሜዳ ላይ ያቆምን ወንበዴዎች ብንሆን ኖሮ በዚያው ትጋት በከፈተልን ነበር። ይህንም የምለው እርሱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጠይቅ ብሎ ያስተማረው፣ ሳትጠይቅ ብትከፍት ትቀጣለህ ብሎ ያስጠነቀቀው ሰው መኖሩን ስለምጠራጠር ነው።

ይህ የቺፕ ቁልፍ በከንቱ የተፈጠረ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ በሕግ የታዘዘው የሌቦችን እጅ ለማሳጠር ነው፤ በአሜሪካ ግን ሕጉ ስላላስገደደ ይህ መከላከያ የሌላቸውን የኪያና የሃዩንዳይ መኪናዎች ሌቦች በተንኰል ሲያስነሷቸው ከቆዩ በኋላ ሁለቱ ኩባንያዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ለ8 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች የሶፍትዌር ማሻሻያ ለመስጠት ተገድደዋል። ስለዚህ መቆለፊያው ይቅር የሚል ሐሳብ የለኝም። የምሟገተው ምሥጢሩ ከፋብሪካውና ከነጋዴው እጅ አይውጣ ከሚሉት ጋር ነው። ምሥጢርን ከባለቤቱ መሰወር ጥበቃ አለመሆኑ በተግባር ታይቷልና፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቁልፎች ውስጥ የነበረውን ባለ 40 ቢት ምሥጢር ፈትተው አሳይተዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሜጋሞስ የተባለውን የቁልፍ ምሥጢር ድካም የደረሱበት የበርሚንግሃምና የናይሜኸን ሊቃውንት ጥናታቸውን እንዳያወጡ ቮልስዋገን ከእንግሊዝ ፍርድ ቤት እግድ አስወጥቶባቸው፣ ጥናቱ ለንባብ የበቃው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ድካሙን በሌላ መንገድ ያወቀ ሌባ ቢኖር ያለ ከልካይ ሲሠራበት፣ የመኪናው ባለቤት ግን ምንም አላወቀም።

እኛ ደግሞ ምሥጢርን ሳያባክኑ ለባለ አደራ ማካፈልን ከማንም አንማርም። በብዙ አድባራትና ገዳማት ንዋየ ቅድሳት የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት አንድ ሰው ብቻውን እንዳይከፍተው ቁልፎቹ ለተለያዩ ሰዎች ተከፋፍለው ይያዛሉ፤ ሲከፈትም በምስክር ፊት ይከፈታል። በዚያው በመንዝ ምድር የጓሳ ሣር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በቀሮ ሥርዓት ሲጠበቅ፣ ለዓመታት ተዘግቶ ከኖረ በኋላ የሚከፈትበትን ቀን የሚወስኑት ከዚያው ሣር ቤት የሚከድኑትና ገሳ የሚሠሩት ባለ መሬቶች ራሳቸው ነበሩ። የሚዘጋውም የሚከፍተውም በነገሩ የሚኖር ሰው ነበረ ማለት ነው። የመኪናው ቁልፍ ነገር ግን ተገላቢጦሽ ሆኖ፣ የሚዘጋው በሩቅ አገር ያለ ፋብሪካ፣ የሚከፍተው መሣሪያ የገዛ ሁሉ፣ የሚቸገረው ደግሞ የዘመሮው ሾፌር ሆኗል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። መኪና ወደ አገር የሚያስገባ ነጋዴ ሊብሬውን ሲያስረክብ ሁለት የሚሠሩ ቁልፎችንና ፋብሪካው ኮድ የሚሰጥበት መኪና ከሆነም ያን ኮድ በጽሑፍ አብሮ የማስረከብ ግዴታ በሕግ ይጣልበት። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰውም ቢሆን ውል ሲፈጽም ስንት ቁልፍ እንዳስረከበ በውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ ሦስተኛ ቁልፍ በሻጩ እጅ ቀርቶ እንደ ሆነ የሚያውቅ ገዢ ዛሬ ጥቂት ነውና፤ ጥንቁቅ ገዢ ግን ቁልፍ በሚያስጨምርበት ቀን የቀድሞው መዝገብ ተሠርዞ በእጁ ያሉት ብቻ እንዲጻፉ ሊያደርግ ይችላል። ቁልፍን ፕሮግራም የሚያደርጉት ባለሙያዎች ደግሞ ፈቃድ ይሰጣቸው፤ መታወቂያና ሊብሬ አይተው፣ የሻንሲውን ቍጥር በመዝገብ አስፍረው ይሥሩ። በአሜሪካ የቁልፍ ኮድ የሚሰጠው በመዝገብ ለተመዘገቡና ማንነታቸው ለተጣራ ቁልፍ ሠሪዎች ነው፤ ይህን መሥራት ከፍ ያለ ሀብት አይጠይቅም፣ መዝገብና ሓላፊነት የሚሰማው ሰው እንጂ። ሙያውም በየቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ከመኪና ኤሌክትሪክ ትምህርት ጋር ቢሰጥ፣ ከመንዝ ልጆች አንዱ መሐል ሜዳ ላይ ሱቅ ከፍቶ ባገለገለን፣ እኛም ሦስት ቀን ባልተቀመጥን ነበር።

ነገሩ የሚያስቸኩልበትም ምክንያት አለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ አስቀድሞ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለ ሆኑ በመስተዋታቸው ላይ የሚነበበው ቻይንኛ ነው፤ አንዳንዶቹም በካርድ ወይም በስልክ የሚከፈቱ ናቸው። የብረት ጥርስ ላለው ቁልፍ ሥርዓት ሳናበጅለት የብረት ቁልፍ የሌለው መጣብን።

ዘመዴ ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ቁልፍ አለው፤ ሁለቱም በመኪናው ማኅደር የተጻፉ ናቸው። አንዱን ይዞት ይዞራል፤ ሁለተኛውን በጨርቅ ጠቅልሎ ለእኒያ ሽማግሌ አደራ ሰጥቷቸው፣ እርሳቸውም ዘመሮ ላይ ከዳዊታቸው አጠገብ በሣጥን አኑረውታል። በፋሲካ ደውዬ እንኳን አደረስዎ ባልኳቸው ጊዜ አስቀድመው የነገሩኝ ስለ ጤናቸው አልነበረም፤ «ቁልፉ አለ፣ ከነነፍሱ ነው» አሉኝ።