ቡናውን ተዉትና ስኳሩን ጠይቁ

የአስተሰርዮ ጾም ባለፈ ማግስት ቤርሳቤህ ውስጥ ወሬው ሁሉ ራስ ምታት ነው። በዚህ ሳምንት ዳሌት ሰፈር አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ፣ ነርስነት የምትማር አንዲት ዘመዳችን ፍርዷን ሰጠች፦ «ራስዎን ያመመዎት ጾሙ አይደለም፣ የቡና ሱስ ነው። ይተዉት!» ይህን ስትል በእጇ ምን እንደያዘች ልንገራችሁ? ግማሽ ሊትር የኃይል መጠጥ፤ 160 ሚሊ ግራም ካፌይን ከነስኳሩ። አክስቴ «እሺ ልጄ» ብለው ቶናውን ቀዱ። እኔ ግን ዓምድ እያለኝ ዝም አልልም።

ልጅቷ ከመሬት ተነሥታ አልተናገረችም። ነቅተን በዋልን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎላችን ውስጥ ይጠራቀምና ድካም ያመጣል። ካፌይን ደግሞ ቀድሞት የአዴኖሲንን መቀመጫ ይይዝበታል። ድካሙ አልጠፋም፤ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ፣ ካፌይን አጥብቧቸው የነበሩት የአንጎል ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜም ራስ መፍለጥ ይጀምራል። ጾሙ 25 ሰዓት ነው። ሒሳቡ ይገጥማል።

ይገጥማል፤ ነገር ግን በፈረንጆች 1995 ሞሴክና ኮርቺን የተባሉ እስራኤላውያን ሐኪሞች የሆስፒታል ሠራተኞችን ስለዚሁ ጾም ጠይቀው ነበር። ከጾሙት 39 በመቶው ራሳቸውን ታመሙ፤ ካልጾሙት የታመሙት 7 በመቶው ብቻ ናቸው። ሐኪሞቹ ግን ጥፋቱን በቡና ላይ አልጣሉም። ይበልጥ የተያዙት ዱሮም ራስ ምታት የሚያጠቃቸው ነበሩ፤ ጾሙ በገፋ ቁጥርም የታማሚው ቁጥር ጨመረ። ቡና ማቋረጥ ማንንም አያሳምምም አልልም። የሚፈራ ሰው ከጾሙ አንድ ሳምንት ቀድሞ ሲኒውን እየቀነሰ ይምጣ፣ አለቀ። አሮጊት ሴትን «ሱሰኛ» ማለት ግን ሕክምና አይደለም።

የዚህ ዓምድ የቆየ ጠብ ከስኳር ጋር መሆኑን ታውቃላችሁ። ጎንደር ገጠር ቡና በጨው እንጠጣ ነበር። እዚህ እስራኤል መጥተን በዚያች ትንሽ ሲኒ ሦስት ማንኪያ ስኳር እንገለብጣለን፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ዘጠኝ ማንኪያ ሆነ። አገር ቤት ሳለን የስኳር በሽታን እምብዛም አናውቀውም ነበር፤ እዚህ በገባን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ተመራማሪዎች ስለ እኛ ስኳር መጻፍ ጀመሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ነጩ ዳቦ አለ፣ ለስላሳው አለ፣ በእግር መሄድ መቅረቱ አለ። ረከቦቱ ላይ ያለችውን ማንኪያ ግን የምንይዛት በገዛ እጃችን ነው። ነርሶቻችን ስለ እሷ ቢቆጡ ኖሮ አጨበጭብላቸው ነበር።

ስለ ካፌይኑ መጠን የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በፈረንጆች 2015 የተናገረው አለ፦ ለጤናማ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200። አባቶቻችን ሚዛን ባይኖራቸውም ልኩን አልሳቱትም። የቡናው ጉልበት በአብዛኛው በአቦል ይወጣል፤ ያው አተላ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚፈላው ቶና ይሳሳል፣ በረካማ ለምርቃቱ ነው። ያን ሁሉ በወሬ አስታከው በዝግታ ነበር የሚጠጡት። የዘመዳችን ቆርቆሮ በአምስት ደቂቃ ነው ያለቀው።

ከቡና ጋር አንድ ጠብ ካለኝ በሰዓቱ ነው። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በነፍሰ ጡር ደግሞ እጅግ ይረዝማል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግማሹ ገና ደም ውስጥ ነው። እንግዲህ እንቅልፉን የሚከፍለው ማን ነው? ለጽዳት ሥራ ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ የምትጠብቀዋ ሴት ናት። ከሥራ መጥታ እራት ሠርታ፣ ቡናውን ያጠበች፣ የቆላች፣ የወቀጠች፣ ያፈላች፣ የቀዳች፣ ሲኒውንም ያጠበች እሷ ናት። ባልና ጎረቤት «ቡናሽ ግሩም ነው» ብለው ይበተናሉ፤ እሷ ጣሪያ እያየች ታነጋለች። ከዚያ ጠዋት ራሷን ሲያማት ሱሰኛ ትባላለች!

ስለዚህ ሐሳቤ ይኸው ነው፤ የማይዋጥለት ይጻፍልኝ። ከእራት በኋላ ቡና ያማረው ወንድ ራሱ ይቁላ፣ ራሱ ያፍላ፣ ሲኒውንም ይጠብ። «በባህላችን ወንድ ቡና አያፈላም» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በባህላችን ሴት ማለዳ ተነሥታ በአውቶቡስ ሄዳ የሰው ቢሮ አትወለውልም ነበር፤ እሱን ስንቀበል ግን ማንም ስለ ባህል አላነሣም።