ሙቀት የቆላው ብቻ ጉዳይ አይደለም

ከባድ ሙቀት ሲነሳ የላስታ ነዋሪ በቅድሚያ የሚያስበው አፋርን፣ መተማንና የተከዜን ሸለቆ ነው። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራም ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በዚህ አካባቢ ገበሬውን ሲያሳስበው የኖረው ውርጭ እንጂ ሙቀት አልነበረም። ይሁን እንጂ ደጋነት ብቻውን ከሙቀት ጉዳት አያድንም።

የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው በይነ መንግሥታዊ የሳይንቲስቶች ጉባኤ በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት፣ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በ10 ዓመት አንድ ጊዜ ይከሰት የነበረው ከባድ ሙቀት አሁን በ2 ነጥብ 8 እጥፍ ገደማ እንደሚደጋገም አመልክቷል። የዓለም አማካይ ሙቀት በጥቂቱ ሲጨምር እጅግ ሞቃት የሆኑት ቀናት በብዙ ይጨምራሉ። ጎረቤት ደቡብ ሱዳን በመጋቢት 2016 ዓ.ም በሙቀት ምክንያት ትምህርት ቤቶቿን ለመዝጋት ተገዳለች።

የላስታ አደጋ ከመልክዓ ምድሩ ጋር የተሳሰረ ነው። አንድ ሰው 1 ሺህ ሜትር ቁልቁል ሲወርድ አየሩ በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሞቃል። የሰው አካል ደግሞ አዲስ ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ በደጋ ኖሮ ወደ ቆላ ማሳው የወረደ ገበሬ፣ ሸክም ይዞም በቀትር ዳገት የሚወጣ ሰው፣ ከቆላው ነዋሪ ይልቅ ሊጎዳ ይችላል። በደረቅ አየር ላብ ቶሎ ስለሚተን ሰው ያላበው ሳይመስለው ብዙ ውኃ ያጣል።

ቤትም የራሱ ድርሻ አለው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የሣር ክዳን ያለው ነባሩ የላስታ ቤት ሙቀትን ይከላከላል፤ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ግን በቀትር ይግላል። በእንዲህ ያለው ቤት አረጋውያንን፣ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን በቀትር ከማዋል ይልቅ ነፋስ ባለበት ጥላ ማሳረፍ ይገባል።

ዋነኛው መከላከያ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሥራን ሰዓት መለወጥ ነው። ከባድ ሥራን በማለዳና ወደ ማምሻው ማከናወን፣ ጥማት ሳይጠብቁ ውኃ መጠጣት፣ ራስን በነጠላ ወይም በባርኔጣ መሸፈን፣ በሥራ ላይ ከጠላና ከአረቄ መቆጠብ ይበጃል። ለከብቶችም በቀትር ጥላና ውኃ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። የሚቃዥ፣ ንግግሩ የተምታታ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ግን ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው፤ ወዲያውኑ ወደ ጥላ ወስዶ ልብሱን ማላላት፣ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውኃ እያራሱ ማራገብና በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ግድ ይላል። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ በአፉ መስጠት ትን ሊያስብለው ስለሚችል አይገባም።

የላስታ ገበሬ ውርጭን ከአባቶቹ በወረሰው ዕውቀት ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሙቀትንም በዚያው ጥንቃቄ መጠበቅ የሚጀምርበት ጊዜ ደርሷል።