«ባንድ አያዋጣም» ለምትሉን

ሰሞኑን አምስት ወጣቶች አዲስ አልበማቸውን ወደሚቀርጹበት አንድ ጠባብ ስቱዲዮ ጎራ ብዬ ነበር፡፡ የሚጫወቱት ሮክ ነው፡፡ አሳታሚ የላቸውም፤ ስፖንሰርም የላቸውም፤ ያላቸው እቁብ ነው፡፡ ዕጣው የወጣለት ሁሉ ብሩን ተቀብሎ በቀጥታ ለስቱዲዮ ኪራይ ያስረክባል፡፡ «ይሄማ መዋጮ እንጂ እቁብ አይደለም» ብላቸው ሳቁብኝ፡፡ «መዋጮ ካልነው ይቀራል፤ እቁብ ስንለው ግን ማንም አያስቀርም» አሉኝ፡፡

ያን ዕለት አንዱን ዘፈን ዘጠኝ ጊዜ ተጫወቱት፡፡ በዘጠነኛው ላይ ድራም መቺውና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ድንገት ተያዩና ፈገግ አሉ፡፡ የፈለጉትን አግኝተዋል፡፡ ምን እንደሆነ ብጠየቅ በቃላት ላስረዳ አልችልም፤ እኔም ግን ሰምቼዋለሁ፡፡

ይህን ጊዜ በሩን ከፍቶ ቆሞ ያዳምጥ የነበረ አንድ በሙዚቃ ንግድ ውስጥ የኖረ ሰው ምክሩን ለገሰ፡፡ «ልጆች፣ ምን አስለፋችሁ? ድራሙንም ቤዙንም ኮምፒውተር ይጫወትላችኋል፡፡ ከመካከላችሁ መልከ መልካሙን ምረጡና አንድ ነጠላ ዜማ ከነክሊፑ ልቀቁ፡፡ ባንድ አያዋጣም!» ወጣቶቹ ጨዋዎች ስለሆኑ አልመለሱለትም፡፡ እንግዲህ እኔ ልመልስለት፡፡

በመጀመሪያ እውነቱን አልክድም፡፡ የአምስት ሰው ሆድ ከአንድ ሰው ሆድ ይበልጣል፡፡ ስቱዲዮ በሰዓት ነው የሚከፈለው፤ አምስት ሰው ተጋግዞ አንድ ዘፈን እስኪዋሐድ የሚፈጀው ሰዓት አንድ አቀናባሪ ብቻውን ኪቦርዱ ላይ ከሚጨርስበት ሰዓት አይወዳደርም፡፡ ሂሳቡ ይህ ነው፡፡ ነገር ግን አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ያሉት ሂሳብ ሳያውቁ ቀርተው ይመስላችኋል?

ለመሆኑ «አያዋጣም» የተባለው ባንድ ምን ሠርቶ ነበር? እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ የታተመውን «ኧረ መላ መላ» ያንጎራጎረ ሁሉ ማሕሙድ አሕመድን ያውቃል፡፡ ማወቁም ተገቢ ነው፡፡ ከጀርባው ሆኖ ያን የማይለቅ ምት የሚያሽከረክረው ግን አይቤክስ ባንድ ነበር፤ ኋላ ሮሃ ባንድ ለተባለው መሠረት የሆነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ የቤልጂግ አሳታሚ ሥራውን እንደገና ሲያወጣው የአውሮፓን አድማጭ የማረከው የአንድ ሰው ጉሮሮ ብቻ አልነበረም፡፡ እስቲ በመንገድ የሚያልፉ አሥር ሰዎችን አስቁማችሁ የአይቤክስን ቤዝ ተጫዋች ስም ጠይቁ፡፡ ጆቫኒ ሪኮ ብሎ የሚመልስላችሁ አንድ ሰው ካገኛችሁ ቡና ጋብዙት፡፡

ዋልያስ ደግሞ አለ፡፡ የቬነስ ክለብና የሂልተን ሆቴል ባለ ዝና የነበረው ይህ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው»ን ሲያወጣ ዋናውን ወንበር የያዙት መሣሪያዎቹ ነበሩ፡፡ ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ጎን የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ነበረበት፡፡ በሽፋኑ ላይ የሚሸጥ የድምፃዊ መልክ የሌለው አልበም ከአርባ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም ይደመጣል፡፡ ያላዋጣው የትኛው ነው?

ጥፋቱን ግን በነጋዴው ላይ ብቻ ልደፈድፍ አልችልም፤ የእኔም እጅ አለበት፡፡ በሃያዎቹ ዕድሜዬ፣ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ቀለም ገና ሳይደርቅ፣ አንድ አልበም ገምግሜ ነበር፡፡ በሦስተኛው ዘፈን ማብቂያ ላይ ድምፃዊው አንጀት የሚበላ እንጉርጉሮ እንዳለውና እንባዬ እንደመጣ ጽፌ አወደስኩት፡፡ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ ሳክስፎን ተጫዋች አገኙኝ፡፡

«አንተ ልጅ፣ ጽሑፍህን አንብቤዋለሁ፤ ጥሩ ነው፡፡ ግን ያ ያስለቀሰህ ቦታ ላይ ድምፃዊው ዝም ብሎ ነበር፡፡ የምነፋው እኔ ነበርኩ፡፡»

አፍሬ፣ «ጋሼ፣ ሽፋኑ ላይ እኮ ስምዎ የለም» አልኳቸው፡፡

«አዎ፣ የለም» አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ፡፡

ከዚያ ወዲህ ሽፋን ሳላነብ ሙዚቃ አልሰማም፡፡ የማነበውም ብዙ ጊዜ ያሳዝነኛል፡፡ ድምፃዊው አለ፤ ግጥምና ዜማ ደራሲው አሉ፤ አቀናባሪው አለ፤ በእጁና በትንፋሹ የሠራው ግን እንደ ቀን ሠራተኛ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል፡፡ የሚገርመው ሕጉ ከእኛ ይሻላል፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችንም መብት ያውቃል፡፡ እኛ ጸሐፊዎች ግን ቀለም ቆጥበን ስማቸውን ነፈግናቸው፡፡

«ታዲያ ማሽን ጠላት ነው ልትል ነው?» የሚለኝ አይጠፋም፡፡ አልልም፡፡ ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከፊሉ አገር ቤት ሲመለስ ከፊሉ እዚያው ቀረ፡፡ ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን ሆኖ በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በድራም ማሽን ያወጣው ካሴት ዕጹብ ሥራ ነው፡፡ ነገር ግን ልብ በሉ፤ እዚያ ማሽኑ የገባው የተበተነ ጓድ ባዶ ያደረገው ወንበር ላይ ነው፡፡ በር ላይ ቆሞ ምክር የሰጠን ሰው የሚለው ግን «ጓዳችሁን አባርራችሁ ማሽን አስቀምጡበት» ነው፡፡ ሁለቱ አንድ አይደሉም፡፡ ኃይሉ ራሱ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነድቶ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ»ን ይዞ ሲመለስ አጠገቡ ሕያው ቤዝና ሕያው ድራም ነበሩ፡፡

በዚያው በዋሽንግተን ከተማ፣ የእኛ ሙዚቀኞች በስደት ኑሮ ሲታገሉ፣ ጥቂት ወጣት ሮከሮች ደግሞ ሌላ ነገር ይሞክሩ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1980 ዲስኮርድ የሚባል የራሳቸውን አሳታሚ አቋቋሙ፡፡ ፉጋዚ የተባለው ባለ አራት አባላት ባንድ ከዚያ ወጣ፤ የመግቢያ ዋጋውን አምስት ዶላር ገደማ አድርጎ ይጫወት ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1992 ሺካጎ ሄደው ስመ ጥር ከነበረው የቀረጻ ባለሙያ ከስቲቭ አልቢኒ ጋር አዲስ አልበማቸውን ቀረጹ፡፡ ሲያዳምጡት አላረካቸውም፡፡ ተዉት፤ ወደ ሠፈራቸው ስቱዲዮ ተመልሰውም እንደ አዲስ ቀረጹት፡፡ በ1993 የወጣው ያ ሁለተኛው ነው፡፡

ይህን የማነሣው ፈረንጅ ምሰሉ ለማለት አይደለም፡፡ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ነው፡፡ የሠራውን መጣል የሚችለው ማን ነው? ባለቤቱ ብቻ ነው፡፡ ገንዘቡ የሌላ፣ ቀኑ የሌላ፣ ሽፋኑ የሌላ የሆነ ሰው «አላማረኝም፤ እንደገና እንሥራው» የማለት አቅም የለውም፡፡ እነዚያ በእቁብ የሚቀርጹት አምስት ወጣቶች ዘጠኝ ጊዜ መጫወት የቻሉት ስምንቱን የመጣል መብት ስለነበራቸው ነው፡፡

ለሮክ አድማጭ የለም እንዳትሉኝ ደግሞ ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ የኤሌክትሪክ ጊታርና የአገራችን ቅኝት አብረው ሊያድሩ እንደሚችሉ ሰምተናል፡፡

ባንድ ማለት ደግሞ ትምህርት ቤት ነው፡፡ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ቤዝ ተጫዋች ከማን ይማራል? አጠገቡ ካለው ድራም መቺ ነው፤ ሲሳሳት ቀና ብሎ ከሚያየው፡፡ ኮምፒውተር ቀና ብሎ አያይም፡፡ ዛሬ ማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው የቤዝ ድምፅ እንኳ አንድ ቀን የአንድ ሰው ጣት የነካው ክር ነበር፡፡ የባንዱን ወጪ ቆጥበን ያተረፍን ሲመስለን የበላነው ዘሩን ነው፡፡ ዘሩን የበላ ገበሬ ያን ዓመት ይጠግባል፤ ችግሩ የከርሞው ነው፡፡

ስለዚህ አሳታሚ ሆይ፣ ሽፋኑ ላይ ለስም የሚሆን ቦታ አይጠፋም፡፡ የሙያ ባልደረባዬ ሆይ፣ የማን ትንፋሽ እንዳስለቀሰህ ሳታጣራ አትጻፍ፡፡ አድማጭ ሆይ፣ «ማን ዘፈነው?» ካልክ በኋላ «ማን ተጫወተው?» ብለህ ጨምር፡፡ ይህ ምንም አያስከፍልም፡፡

የአምስቱን ወጣቶች ስም ዛሬ ያልጻፍኩት «አልበሙ ሳይወጣ አታንሣን» ስላሉኝ ነው፡፡ ሲወጣ አምስቱንም እጽፋለሁ፤ ከድራም መቺው ጀምሬ፡፡