ጠብታው ከምርመራው አይቅደም



በመድኃኒት ቤት የምንሠራ ባለሙያዎች አዘውትረን ከምንሰማቸው ጥያቄዎች አንዱ «የጆሮ ጠብታ ስጡኝ» የሚለው ነው። ለማን እንደሆነ ስንጠይቅ አንዱ «አባቴ መስማት ተስኗቸው ነው» ይላል፤ ሌላዋ «የልጄ ጆሮ እየመገለ ነው» ትላለች፤ ሦስተኛው ደግሞ «ጆሮዬን ደፍኖኛል» ይላል። ሦስቱም የሚፈልጉት ያንኑ አንድ ብልቃጥ ነው። ሕመማቸው ግን ለየቅል ነው። በዚህ ጽሑፍ ላስገነዝብ የምፈልገውም ይህንኑ ነው፤ መስማት ሲቀንስ መቅደም ያለበት ጆሮን ማስመርመር እንጂ ጠብታ መግዛት አይደለም።

ጆሮ ሦስት ክፍሎች አሉት። የውጭው ክፍል በኩክ ሲደፈን ድምፅ ይታፈናል፤ ይህ በጤና ባለሙያ ሲጸዳ የሚስተካከል ነው። ከታምቡሩ ጀርባ ያለው መካከለኛው ክፍል ሲመግል ወይም ፈሳሽ ሲቋጥር፣ አለያም ታምቡሩ ሲቀደድ መስማት ይቀንሳል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒት ወይም በቀዶ ሕክምና ይረዳል። በውስጠኛው ክፍል ግን ድምፅን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚያደርሱ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት በእርጅና፣ በከፍተኛ ጩኸት፣ በማጅራት ገትር ወይም በአንዳንድ መድኃኒቶች ሊጎዱ ይችላሉ፤ አንዴ ከሞቱም አይተኩም። ለዚህ የሚሆን ጠብታ የለም።

ጆሮን ሊጎዱ ከሚችሉ መድኃኒቶች መካከል በመርፌ የሚሰጡት ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲንና አሚካሲን ይገኙበታል። እነዚህ ሕይወት የሚያተርፉ መድኃኒቶች ስለሆኑ ሐኪም ሲያዛቸው ልንሸሻቸው አይገባም። ነገር ግን በሕክምናው መሐል ጆሮ ውስጥ ጭው ማለት ወይም ራስ ማዞር ከጀመረ ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ጄንታማይሲን ወይም ኒዮማይሲን ያለበት የጆሮ ጠብታም ቢሆን በተቀደደ ታምቡር አልፎ ውስጠኛው ጆሮ ከደረሰ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ታምቡሩ መቀደድ አለመቀደዱን ደግሞ እኛ ከመድኃኒት ቤት መስኮት ሆነን ልናይ አንችልም።

ቤት ውስጥ ስለሚጨመረው ዘይትም ላንሳ። የሐበቱ ሰውዳ ዘይት በብዙዎቻችን ቤት የተከበረ ነው። ይሁን እንጂ የሚመግል ወይም ታምቡሩ የተቀደደ ጆሮ ውስጥ ዘይትም ሆነ ሌላ ፈሳሽ በራስ ግምት መጨመር ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። የክብሪት እንጨትና የጥጥ ጫፍም ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋሉ እንጂ አያወጡም።

ወላጆችና የመድረሳ ኡስታዞች ሆይ! የተጠራ ጊዜ የማይዞር፣ ትእዛዝ የሚያስደግም፣ ቁርአን ሲቀራ ሲን፣ ሣእ እና ፋእን የሚያምታታ ልጅ ሁልጊዜ ልቡ ሌላ ቦታ ስለሆነ አይደለም። እነዚህ ፊደላት ስስና ቀጭን ድምፅ ስላላቸው መስማቱ ለቀነሰ ጆሮ በቀላሉ ያመልጣሉ። ችግሩ የምላስ ሳይሆን የጆሮ ሊሆን ስለሚችል ከቁጣ በፊት ምርመራ ይቅደም። ጥፊማ ጨርሶ አይታሰብ፤ በጆሮ ላይ ያረፈ ጥፊ ታምቡር ሊቀድ ይችላልና። ሕፃን ልጅ በስድስት ወሩ ወደ ድምፅ የማይዞር ከሆነም «ያድጋል፣ ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ አይገባም። ያልሰማ ልጅ መናገርም ይዘገያልና።

አረጋውያን አባቶቻችንና እናቶቻችንን በተመለከተ ደግሞ «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» የምንለው ነገር አግባብ አይመስለኝም። በጁሙዓ ኹጥባ ላይ ተቀምጠው ምን እንደተባለ ሳይሰሙ የሚመለሱ፣ ቤተሰብ ሲጫወት ዝም ብለው የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ጥቂት አይደሉም። የማጉያውን ድምፅ መጨመር ንግግሩን ጎላ ያደርገዋል እንጂ ሁልጊዜ ጥርት አያደርገውም። በቅርብ ዓመታት የተሰባሰቡ ጥናቶች እንደሚያሳዩትም መስማት መቀነሱ እርዳታ ሳያገኝ ሲቀር የመርሳት በሽታ የመከሰት ዕድል ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በተለያየ መጠን የመስማት ችግር አለባቸው። ይህን ያህል ሕዝብ የያዘ ሕመም የሚያሳፍር ሊሆን አይገባም። መነጽር ማድረግ ካላሳፈረ የመስሚያ መሣሪያ ማድረግስ ለምን ያሳፍራል? መሣሪያው ውድ መሆኑ እውነት ነው። ለዚህም ነው ልጆች ተረዳድተው፣ የመስጊድ ጀመዓም አቅም ለሌላቸው አዋጥቶ ቢያግዝ መልካም የሚሆነው።

«ምርመራ ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል» የሚሉ ይኖራሉ። ሳይጠቅሙ የተገዙ ጠብታዎች ግን ገንዘቡንም ይወስዳሉ፣ መታከሚያ ጊዜውንም ያሳልፋሉ። መጀመሪያ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጆሮአችሁ በመሣሪያ እንዲታይ ጠይቁ። እንደ ሁኔታው ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ትላካላችሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ይህ አገልግሎት አላቸው። ከሁለት ሳምንት በላይ የመገለ ጆሮ የግድ መታየት አለበት። አንድ ጆሮ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ በድንገት መስማት ካቆመ ግን የዕለት ተዕለት ሕመም አይደለምና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ይገባል፤ ሕክምናው የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነው።

ከምርመራው በኋላ ጠብታ ከታዘዘላችሁ ማዘዣውን ይዛችሁ ኑ። ያን ጊዜ አጠቃቀሙን አስረድተን በደስታ እንሰጣችኋለን። አላህ የሰጠንን የመስማት ጸጋ ይጠብቅልን።