ተናጋሪን ማቋረጥ፦ ከ«ተቀበል» እስከ ፉጨት

በጎጃም የአድማጭ ጨዋነት በዝምታ ብቻ ሲለካ አልኖረም። አዝማሪ በሚጫወትበት ቤት ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም መሰንቆውን ሳያቋርጥ ስንኙን ተቀብሎ ያዜመዋል። ግጥሙ አዝማሪውን ራሱን የሚወጋ ሊሆን ይችላል። ጨዋታው ግን አይፈርስም፤ አቋራጩ ይዞ የገባው ስንኝ ነውና፣ ለስንኝ ደግሞ መልስ አይጠፋም።

የቅኔው ሥርዓት ከዚህ ይጠብቃል። በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ለመምህሩ ሲነግር እርማቱ ከመምህሩ ይመጣል። በማሕሌት ላይ የአድማጩ ድምፅ «ይበል!» ነው። ጉባኤ ቃና በ2 ቤት ያልቃል፤ መወድስ ግን 8 ቤት አለው፤ ወርቁም ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ላልታገሠ ጆሮ አይገለጥም። በ3ኛው ቤት ላይ የሚጮኽ ሰው ገና ያልሰማውን ነገር ይቃወማል።

ዛሬ በአዳራሾች የምንሰማው ፉጨትና ተናጋሪን ለማስቀመጥ የሚጨበጨብ ጭብጨባ ከሁለቱም ልማዶች የራቀ ነው፤ መልስ አይጠብቅምና። ለዚህ ሲሟገቱ የግንቦት 10 ቀን 2004 ዓ.ም. ክስተትን የሚጠቅሱ አሉ። በዚያ ዕለት ጋዜጠኛ አበበ ገላው በዋሽንግተን የምግብ ዋስትና ጉባኤ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊን በጩኸት አቋርጦ ስለ ነጻነት ጠየቀ፤ ጠባቂዎችም አስወጡት። ድርጊቱን ጀግንነት ያሉት ነበሩ፤ ነውር ያሉትም ነበሩ። በእኔ እይታ የመጠየቂያው በር ለተዘጋበት ሰው ጩኸት የመጨረሻ አማራጭ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህ ምክንያት ሥልጣን ለያዘ ተናጋሪ እንጂ የመመረቂያ ጥናቱን ለሚያቀርብ ተማሪ ወይም ግጥሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያነብ ወጣት አይሠራም። በዚህ መድረክ ኃይሉ ያለው በአዳራሹ ወንበሮች ላይ ነው። ተጎጂውም ተናጋሪው ብቻ አይደለም፤ ሊሰማ የመጣው ጎረቤት ጭምር ነው።

ስለዚህ ጥፋቱን በታዳሚው ላይ ብቻ አልጥልም። ለጥያቄ ሰዓት ሳይመድብ የሚዘጋ መድረክ ጩኸትን ይጋብዛል፤ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት አለኝ» ብሎ የሌሎችን ተራ የሚበላውም (እንዲህ ያለ ሰው የማይጠፋበት ጉባኤ የለም) ያው አቋራጭ ነው፤ ልዩነቱ ማይክሮፎን መያዙ ነው። የመድረክ መሪ የጥያቄውን ሰዓት ከንግግሩ በፊት ያሳውቅ፣ ለኋላ ወንበርም ዕድል ይስጥ፤ ከዚያ በኋላ የሚያፏጨውን ለማስወጣት ሙሉ መብት ይኖረዋል።