ቤንዚን እስኪረክስ ትምህርት አይጠብቅም



ውድ የዲላ፣ የወናጎ፣ የይርጋጨፌ፣ የገደብና የአካባቢው ወጣቶች! ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ሁላችንም በየጠዋቱ የምናየው ነው። ብናየውም ዝም ብለን እናልፈዋለን።

ጠዋት 1:30 ላይ ዲላ ዋናው አስፋልት ዳር ቁሙ። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ባጃጅ ይጠብቃሉ። ባጃጁ ግን ማደያ ተሰልፏል። የመጣውም ታሪፍ የሚባል ነገር አያውቅም፤ "በሃይላንድ ነው የገዛሁት፣ ከፈለግሽ ግቢ" ይላል። ልጅቷ የያዘችው ለመሄጃ የሚሆን ብቻ ነው። ስትከራከር ይረፍዳል፣ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል፣ ወደ ቤት ትመለሳለች። በዚያው ሰዓት ከዙሪያው ቀበሌ በጨለማ ተነስቶ፣ በእንሰቱና በቡናው ሥር አቋርጦ በእግሩ የመጣው የገበሬ ልጅ ክፍል ገብቶ ደብተሩን ዘርግቷል።

ታዲያ ችግራችን የነዳጅ ብቻ ነው? አይደለም! ነዳጁ ተወዷል፣ እውነት ነው። እኛ ግን ከነዳጅ ውጭ ማሰብ አቁመናል።

"ነዳጅ ሲረክስ" ለሚሉን

አንዳንድ ወንድሞች "መንግሥት ነዳጅ ያርክስ፣ ከዚያ ሁሉም ይስተካከላል" ይላሉ። ቁጥሩን እንይ። መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር፣ ሐምሌ 2014 ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። ታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ላይ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ይህ የአዲስ አበባ ዋጋ ነው፤ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ዲላ ሲደርስ የማጓጓዣው ይጨመርበታል። በጥቁር ገበያ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነው።

አገራችን ነዳጇን በሙሉ ከውጭ የምትገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከመቶ ብር አለፈ። እና ማን ነው ቤንዚን በቅርቡ ይረክሳል ብሎ ለልጁ ቃል የሚገባው? ዘጠነኛ ክፍል የገባች ልጅ ያላት አራት ዓመት ነው። የዓለም ገበያ እስኪረጋጋ ዕድሜዋ አይቆምላትም።

በቤታችን እናስላ። አንድ ተማሪ ለአንድ ጉዞ 20 ብር ቢከፍል በቀን 40፣ በወር 22 የትምህርት ቀን 880 ብር ነው። ሦስት ልጅ ላለው ቤት 2,640 ብር! በቀን ሥራ ለሚያድር አባት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግርም። ብሩ ሲያጥር ደግሞ መጀመሪያ ከትምህርት የምትቀረው ማን ናት? ሴቷ ልጅ። "አንቺ ለጊዜው እናትሽን አግዢ" ትባላለች። ያ "ለጊዜው" ስንቶችን እንዳስቀረ በየሰፈራችን እናውቃለን።

አንድ ቀውስ፣ ሁለት አገር

ይህ የመጀመሪያው የነዳጅ ቀውስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች በእስራኤል ደጋፊዎች ላይ ማዕቀብ ጣሉ። የዓለም ዋጋ ናረ፣ ወደ እኛም ደረሰ። በአገራችን የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን መምህራንም በትምህርት ፖሊሲው ምክንያት አድማ መቱ። ነዳጅና ትምህርት በአንድ ቀን ተገናኙ። የዚያ ዓመት እንቅስቃሴ ንጉሡን እስከ ማውረድ ደረሰ።

ማዕቀቡ በቀጥታ ከተጣለባቸው አገሮች አንዷ ሆላንድ ነበረች። መንግሥቷ እሁድ እሁድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። ሕዝቡ ባዶ አስፋልት ላይ በእግርና በሳይክል ወጣ። በዚያን ጊዜ ወላጆች በሌላ ጉዳይም ተቆጥተው ነበር፤ በ1971 ብቻ ከ400 በላይ ሕፃናት በመኪና አደጋ ሞተውባቸዋል። "ልጆቻችንን መግደል ይቁም" ብለው ተነሱ፣ ለዓመታት አልተኙም። ዛሬ የሆላንድ ልጅ በሳይክል መንገድ ላይ ራሱን ችሎ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

እነሱ መንገዳቸውን ቀየሩ። እኛ መንግሥት ቀየርን፤ መንገዱ ግን እንደነበረ ቀረ። ይኸው ከሃምሳ ዓመት በኋላም ባጃጅ ጥበቃ ቆመናል።

እግር ውርደት አይደለም

በእኛ ከተማ በእግር መሄድ የድህነት ምልክት ሆኗል። አንድ ኪሎ ሜተር ተኩል ለማይሞላ መንገድ ባጃጅ የምንጠብቅ ወጣቶች አለን። ጓደኛችን በእግሩ ሲያልፍ "ተቸገርክ እንዴ?" እንላለን። ይህ ቀልድ ልጆችን ከትምህርት ያስቀራል። ብር የሌለው ልጅ እንዳይሳቅበት ብሎ ቤት ይቀመጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

መስከረም 2016 የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር በሞተር የተሠራ አይደለም። እንሰቱን፣ ቡናውንና ጥላ ዛፉን አስማምተው ያቆዩት አባቶችና እናቶች ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው የወረዱ ናቸው። በእነሱ እየኮራን በእግራቸው የምናፍር ከሆነ ኩራታችን ምንድን ነው?

መፍትሔው ቀላል ነው። ከሱብሒ ሰላት በኋላ የየሰፈሩ ተማሪዎች አንድ ቦታ ተገናኝተው በቡድን ይሂዱ። ትልልቆቹ ትናንሾቹን ያሻግሩ፣ ሴቶች ልጆች ብቻቸውን አይቅሩ። ማታ ፈረቃ ላላቸው ደግሞ ወንድሞች ተራ ይውጡ። ይህ ምንም ብር አይጠይቅም። ሰዓት ማክበርን ብቻ ይጠይቃል።

ስለ ሳይክል የሚነሱ ሦስት ሰበቦች

"ጌዴኦ ዳገት ነው።" ልክ ነው፣ ከዲላ ቡሌ በሳይክል ውጡ አላልንም። ግን የከተማው ተማሪ ሁሉ ቡሌ አይማርም። ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ የከተማና የዳር ቀበሌ ልጅ ሳይክል ይሠራል። ዳገት ሲመጣ ወርዶ መግፋት አለ። 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው ሀዋሳ ሳይክል የሁሉም ሰው ነው። እውነት ነው ሀዋሳ ሜዳ ናት፤ እኛ ግን ሜዳ በሆነው መንገዳችንም አንነዳም።

"ውድ ነው።" አዲስ ሳይክል ውድ ነው። ግን ከላይ ያሰላነውን 880 ብር በዐሥር ወር አባዙት፤ 8,800 ብር ይሆናል። በዚህ ብር ያገለገለ ሳይክል መፈለግ አይሻልም? ባጃጁ በዓመቱ መጨረሻ ባዶ እጅ ያስቀርሃል፤ ሳይክሉ ግን ለታናሽህ ይተርፋል።

"ለሴት ነውር ነው።" እዚህ ላይ ዝም አንልም። የሶሐባ ሴቶች ግመል ይጋልቡ እንደነበር እያወቅን፣ ልጃችን ሳይክል ስትነዳ ነውር የሚሆነው በየትኛው መዝሃብ ነው? ያቺው ልጅ ግን ከማታውቀው ወንድ ኋላ ሞተር ላይ ተፈናጣ ስትሄድ አንናገርም! መሐሉ ዝቅ ያለ የሴት ሳይክል አለ፣ ሰንሰለቱ በመሸፈኛ ይከለላል፣ ጅልባብ ለብሶ መንዳት ይቻላል።

በሕንድ የቢሃር ክልል እ.ኤ.አ. በ2006 ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ሴቶች ልጆች የሳይክል መግዣ ብር መስጠት ተጀመረ። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት በዕድሜያቸው ሁለተኛ ደረጃ የሚገቡ ሴቶች ቁጥር በ32 በመቶ ጨምሯል፣ በወንድና በሴት መካከል የነበረው ልዩነት በ40 በመቶ ጠቧል። ለውጡ ይበልጥ የታየው ትምህርት ቤት በሚርቅባቸው መንደሮች ነው። ቢሃር ከሕንድ ድሃ ክልሎች አንዷ ናት። ልጆቿን ያስቀረው የመንገዱ ርቀት እንደነበር ግን ገብቷታል።

ከሩቅ ለሚመጡት

ሳይክልም እግርም የማይደርስባቸው አሉ። የሳምንት ስንቃቸውን ቆጮ ተሸክመው መጥተው፣ ከተማ ውስጥ ጠባብ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች። ለእነሱ "በእግርህ ሂድ" ማለት ግፍ ነው። ለእነሱ የሚሆነው የጋራ ሰርቪስ ነው። ባጃጅ የሚጭነው ሦስት ሰው ነው፣ ሚኒባስ ግን ዐሥራ ሁለት። ዐሥራ ሁለት ወላጆች ተስማምተው በወር ቅድሚያ ቢከፍሉ ሹፌሩ ገቢውን ያውቃል፣ ወላጁም በየጠዋቱ ከመጨቃጨቅ ይድናል። ይህን የሚያስተባብር ጀማዓና እድር በየሰፈሩ አለን። ለሠርግ ድንኳን የሚተባበር ሰው ለትምህርት መተባበር እንዴት ይከብደዋል?

መንግሥትን አልረሳነውም

ራሳችንን ወቀስን ማለት አስተዳደሩን ነፃ አወጣን ማለት አይደለም። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም ለእግረኛና ለሳይክል ቅድሚያ የሚሰጥ የዐሥር ዓመት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል። ወረቀቱ ዲላ መች ይደርሳል? የሞያሌ ከባድ መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ዳር ተማሪ የሚሄድበት መንገድ ይከለል። በትምህርት ቤት በር ላይ ፍጥነት መቀነሻ ይሠራ። የእግረኛ መንገዱን የያዘው አሸዋና ሸቀጥ ይነሳ። ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገር ማንሳት ከኢማን መሆኑን የተማርን ሰዎች ድንጋዩን በራሳችን ሱቅ ፊት መከመራችንም ያሳፍረናል።

ወጣቶች ሆይ! በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንጠይቃችኋለን። ከጁምዓ በኋላ ተቀመጡና በሰፈራችሁ በትራንስፖርት ምክንያት የሚቀሩ ተማሪዎችን ቁጠሩ። ለእግር ጉዞው ሰዓትና መገናኛ ቦታ ወስኑ። አቅም ያለው ደግሞ ሶደቃውን ለአንዲት የቲም ልጅ ሳይክል ያድርገው።

ነዳጅ ሲረክስ ደስ ይለናል። እስከዚያ ግን በር የተዘጋባት ያቺ ልጅ ነገም ጠዋት 1:30 ላይ አስፋልት ዳር ትቆማለች። ከእሷ ጋር የሚሄድ ሰው ያስፈልጋታል።